በር የሚያንኳኩ ልጆች

ቡሄ ሊደርስ ነው። ወንዶቹ ልጆች ዱላቸውን እየመረጡ፣ ግጥማቸውን እየተለማመዱ ነው። ቡሄ አልፎ አረፍ ሳንል እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ የሴቶቹ ተራ ነው፣ አደይ አበባ ይዘው በየደጃፉ "አበባየሆሽ" ይሉናል። ከዚያ መስከረም አጋማሽ ላይ የሀዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ ከመስቀል ጋር ተያይዘው ይደርሳሉ። ከነሐሴ 13 እስከ መስከረም 17 ባሉት አምስት ሳምንታት ተኩል ያህል ውስጥ የቤታችን በር በልጆች እጅ የሚንኳኳውን ያህል በሌላው ወር አይንኳኳም።

በዚህ ሰሞን ከአያቶች የምሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ልልቀቃቸው ወይስ ልከልክላቸው?" በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ አባታቸው ወይም እናታቸው ደቡብ አፍሪካ ሄደው አያት ጋር የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። አያት ብቻዋን ትወስናለች። ብትከለክል ልጁ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ሲያለቅስ ይውላል። ብትለቅ ደግሞ ባጃጁ አለ፣ ውሻው አለ፣ የማያውቁት ሰው አለ። በቤተ ክርስቲያን "ይህ የእኛ በዓል አይደለም" የሚላትም አለ። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ጉዳይ ዘርዘር አድርገን እንየው።

መጀመሪያ የቡሄን ነገር ከሥሩ እንያዝ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት ይታሰብበታል። ትውፊቱ እንደሚለው ያን ቀን ብርሃኑ ስለበራ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በየመስኩ ቆዩ። ወላጆች ተጨንቀው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። የቡሄ ችቦም ሙልሙሉም ከዚህ የመጣ ነው ይባላል፤ የጅራፉ ጩኸት ደግሞ በተራራው ላይ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ። ልብ በሉ፤ የታሪኩ መነሻ ልጅ ፍለጋ የወጣ ወላጅ ነው። ልጁ ወደ በራችን ከመምጣቱ በፊት እኛ ዳቦ ይዘን ወደ ልጁ ሄደናል።

ሙልሙል የምትባለው ትንሽዬ ዳቦ ለበዓሉ ተብላ ትጋገራለች። ክርስትና አባት ለክርስትና ልጁ ሙልሙል መስጠት ደንቡ ነው። "ሆያ ሆዬ" እያሉ የመጡትም ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ የቤቱን ጌታና እመቤት በስም እየጠሩና እያሞገሱ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙላቸውን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ይህ ልመና አይደለም። ልጁ ግጥም ሰጠ፣ ምርቃት ሰጠ፣ ዳቦ ተቀበለ። የእንቁጣጣሹም እንዲሁ ነው። ሴቶቹ አበባና ዘፈን ይሰጣሉ፤ ወንዶቹም ድሮ መልአኩን፣ ፀሐዩንና አበባውን በቀለም ሥለው ለጎረቤት ያድሉ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ያንን ሥዕል የታተመ ካርድ ተክቶታል።

ይህ በር የማንኳኳት ልማድ በአገራችን አንድ መልክ ብቻ ያለው አይደለም። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል እየተባለ በነሐሴ አጋማሽ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓል ነው፤ ቆነጃጅቱ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ በየቤቱ ይዞራሉ። ዛሬ በየከተማው አደባባይና ስታዲየም ትልቅ ዝግጅት ሆኗል። በጎረቤታችን በሲዳማ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በጻፈው የፍቼ ጫምባላላ በዓል፣ ልጆች "አይዴ ጫምባላላ" እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ የሚቀርብላቸውም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው ቡሪሳሜ ነው። እዚያ ልጅ ተቀብሎ አይሄድም፤ ገብቶ ይበላል።

የእኛም አካባቢ ልማድ ወደዚህ ይቀርባል። ለያሆዴ ሴቶቹ ቅቤውን አስቀድመው ያጠራቅማሉ፣ ወንዶቹ ለሰንጋው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ልጆቹ እንጨትና ችቦ ይሰበስባሉ። በዓሉ ሲደርስ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው አታካና ይቀርባል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድነት ይበላል። አዲስ አበባና ሌላ አገር ያለው ሁሉ ለዚያ ቀን ወደ ቤቱ ለመግባት ይጣደፋል፤ የከምባታው መሳላም እንዲሁ ነው። ልዩነቱን አያችሁት? በቡሄ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይዘፍናል። በያሆዴ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ገብቶ ይቀመጣል። የሆሳዕና ልጅ ግን ዛሬ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ምክንያቱም በአንድ ሰፈር የሀዲያው፣ የከምባታው፣ የጉራጌው፣ የስልጤውና የአማራው ልጅ አንድ ትምህርት ቤት ይማራል። ከተማችን ዋቻሞ ስትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የገበያና የመገናኛ ቦታ ናት፤ አሁን ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና ከየአቅጣጫው ሰው ይገባባታል። ልጆች በዓል ሲዋዋሱ ፈቃድ አይጠይቁም።

አሁን ወደ ለውጡ እንምጣ። ብዙዎቻችን የምናማርረው ሙልሙሉ በብር መተካቱን ነው። ድሮ ዳቦ ነበር፤ ቀጥሎ ሳንቲም ሆነ፤ አሁን አምስት ብር የሰጠ ሰው "ይቺን ብቻ?" ተብሎ ሊታይ ይችላል። ልጆቹ ስግብግብ ስለሆኑ ነው ብለን ብንፈርድ ግን ተሳስተናል። ዳቦውን መጋገር የተውነው እኛ ነን። በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ተከራይ በሚኖርበት ከተማ ለሠላሳ ልጅ የሚሆን ሙልሙል ማን ይጋግራል? ብር ከኪስ አውጥቶ መስጠት ይቀላል፣ ከልጁም ያገላግላል። ከዚያ ወዲህ ብር መኖሩን የሰሙ ትልልቅ ጎረምሶች መጡ፤ ግጥሙ አጠረ፣ ምርቃቱ ተረሳ፤ ከየሱቁና ከየሆቴሉ በር መቆም ተለመደ። ከእነዚህ ጎረምሶች መካከል ጫማ እየጠረገ የሚያድር፣ ያቺ ቀን የቤት ኪራይ የምትሆንለት ልጅ እንዳለም አትርሱ። እሱን "ቦዘኔ" ብሎ መሳደብ በዓሉን አይመልሰውም።

ሁለተኛው ለውጥ አጥሩ ነው። ቀድሞ በሩን ያንኳኳው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ቢሳደብ ለእናቱ ይነገራል፤ ቢታመምም ለእናቱ ይነገራል። በየቤቱ እየዞርን የፖሊዮ ክትባት ስንሰጥ የኖርን ጤና ባለሙያዎች የዚህን ጥቅም እናውቀዋለን። ጎረቤት ከጎረቤት በሚተዋወቅበት ሰፈር "እዚያ ቤት ደግሞ ገና የአርባ ቀን ልጅ አለች፣ እሷን እንዳታልፏት" የሚለን ልጅ አይጠፋም ነበር። ልጆች በየቤቱ ስለሚገቡ የአራስ ቤቱን፣ የታመመውን ሽማግሌ፣ ብቻዋን የምትኖረውን እናት ያውቃሉ። በር የማንኳኳት ልማድ ሲጠፋ የሚጠፋው ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ ልጁ የሰፈሩን ሰው የሚያውቅበት መንገድም ይጠፋል።

ሦስተኛው የሃይማኖት ጉዳይ ነው። በሀዲያና በከምባታ ከጣሊያን ወረራ በፊት ሚሲዮናውያን ከገቡ ወዲህ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተስፋፍተው ዛሬ አብዛኛው ነዋሪ የቃለ ሕይወት፣ የመካነ ኢየሱስና የሌሎችም አባል ነው። ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም አለ። ከምእመናኑ ብዙዎቹ ቡሄን የሌላ ቤተ ክርስቲያን በዓል ስለሆነ አያከብሩም፤ ከጥንታዊ እምነት ጋር ይያያዛል ብለው ችቦውንም የተዉ አሉ። በኦርቶዶክሱም ወገን ዓለማዊው ግጥም ይቅር ብለው በመዝሙር የሚዞሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉ። ሁሉም መብቱ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በር የሚያንኳኳ የስምንት ዓመት ልጅ የሃይማኖት ክርክር ይዞ አልመጣም። የማታከብሩ ከሆነ በሩን ከፍታችሁ "ልጆች፣ እኛ ቤት ቡሄ አናከብርም፤ እንኳን ደረሳችሁ፣ እደጉ" ብትሉት ልጁ በደስታ ይሄዳል። ጭለማ አድርጎ ዝም ማለት ወይም ውሻ መልቀቅ ግን ልጁ በዕድሜው ሙሉ የሚያስታውሰው ነገር ነው። የራሳችሁንም ልጅ ስትከለክሉ ምክንያቱን ንገሩት፤ "ሰይጣን ነው" ብላችሁ የጓደኛውን በዓል አታስጠሉት፤ ነገ አብረው ይማራሉ።

ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ለመሰንበት አሜሪካ የሚሄዱ አያቶች ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማቸዋል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ በእኛ ጥቅምት 21 ገደማ፣ ሃሎዊን የሚባል በዓል አላቸው። ልጆች የተለያየ ልብስና ጭምብል አድርገው ሲመሽ ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። አያት ደንግጣ "ይኼ የምን ጉድ ነው?" ትላለች። ነገሩ ግን ከእኛው የራቀ አይደለም። በጥንቷ እንግሊዝ በሙታን መታሰቢያ ሰሞን ድሆችና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ለሟቾች ይጸልዩና ትንሽ ኬክ ይቀበሉ ነበር። በስኮትላንድና በአየርላንድ ልጁ ዘፈን ወይም ግጥም ሳያሰማ ፍሬም ሳንቲምም አያገኝም ነበር፤ ልክ እንደ ሆያ ሆዬው። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1930ዎቹ ተስፋፋ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ስለነበር ተቀዛቀዘ፤ ከጦርነቱ በኋላ የከረሜላ ፋብሪካዎች ገቡበትና በቤት የተጋገረው ነገር ቀረ። ዳቦው በብር እንደተተካው ማለት ነው። በአይዋ ግዛት በደሞይን ከተማ ግን ልጆች እስከ ዛሬ ከረሜላ ከመቀበላቸው በፊት ቀልድ መናገር አለባቸው፤ ለብዙ ዓመታት ይዞሩ የነበረውም በዋዜማው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮም ለሌላው አገር ሕፃናት ለዩኒሴፍ የሳንቲም ሣጥን ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ።

እዚያም እንደ እኛ አገር በዓሉን የማይፈቅዱ ክርስቲያኖች አሉ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግን ልጆቹን ዝም ብለው አልከለከሉም፤ በዚያው ምሽት በግቢያቸው መኪኖችን አሰልፈው፣ የዕቃ መጫኛውን ከፍተው አስጊጠው፣ ልጆች ከመኪና መኪና እየዞሩ እንዲቀበሉ ያደርጋሉ። ከልክሎ ባዶ እጅ ከመተው ሌላ ነገር መተካት ይሻላል። የእኛም አብያተ ክርስቲያናት ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ከአሜሪካኖቹ ታሪክ ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ስለ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ መርዝ የተጨመረበት የራስ ምታት መድኃኒት ሰባት ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ "የማያውቁት ሰው የሚሰጠው ከረሜላ መርዝ አለበት" የሚለው ፍርሃት አገሩን ሞላው፤ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ከረሜላ በራጅ ይመረምሩ ነበር። ጆኤል ቤስት የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከ1958 ጀምሮ ያለውን የጋዜጣ ዘገባ ቢመረምሩ፣ የማያውቀው ሰው በሃሎዊን በሰጠው መርዛም ከረሜላ ተገድሎ የተረጋገጠ አንድም ልጅ አላገኙም። በ1974 በቴክሳስ አንድ ልጅ በመርዝ ሞቷል፤ መርዙን የሰጠው ግን የገዛ አባቱ ነበር። በሌላ በኩል የ42 ዓመት የመኪና አደጋ መዝገብ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በሃሎዊን ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞቱ ዕድል ከሌላው ምሽት በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ወላጆች ከረሜላውን ሲፈትሹ መኪናው ልጅ ይገጭ ነበር።

እኛም እንዲሁ ነን። "መተት ያለበት ዳቦ ይሰጡታል"፣ "ልጅ ሰራቂ አለ" እንላለን። በሥራ ዘመኔ በበዓል ሰሞን ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ ያየኋቸው ልጆች ግን በእሳት የተቃጠሉ፣ በውሻ የተነከሱ፣ በመኪና የተገጩ፣ ዓይናቸው በጅራፍ ወይም በርችት የተጎዳ ናቸው። ስለዚህ መፍራት ያለብንን እንፍራ።

ስለ ውሻ። በየግቢው ውሻ አለ፤ ልጅ ደግሞ ሳያንኳኳ በር ይገፋል። ልጆቻችሁን "ከውጭ ሆናችሁ ዘፍኑ፣ ሰው ሳይወጣ አትግቡ" በሏቸው። ውሻ ያላችሁ በእነዚያ ቀናት እሰሩት። ልጅ ከተነከሰ፣ ቁስሉ ትንሽ ጭረት ቢሆንም እንኳ፣ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፤ ከዚያ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተጀመረ ያድናል። ሥር ምሰው፣ ቅጠል ቀጥቅጠው የሚሰጡትን እየጠበቃችሁ ቀን አታሳልፉ።

ስለ እሳት። ችቦ የሚይዘው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጅ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ይጨፍር። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ እሳት ላይ መድፋት ፈጽሞ አይሁን። ከናይለን የተሠራ ልብስ ሲቃጠል ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ በዚያ ምሽት ልጆቹን ጥጥ አልብሷቸው። ልብሱ ከተያያዘ እንዲሮጥ አትፍቀዱለት፤ መሬት ላይ አስተኝታችሁ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አጥፉት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። እኛ የቅቤ አገር ሰዎች ነን፤ ለሁሉ ነገር ቅቤ መቀባት ይቀናናል። ለቃጠሎ ግን ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ሊጥም፣ እንቁላልም አይሆንም፤ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛል። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ፊት፣ እጅና መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ስለ መንገድ። ነሐሴ ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ባጃጅ ነጂው ልጁን የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው አስፋልት አይሻገር። ቡድኑ በራሱ ሰፈር፣ በሚያውቃቸው ቤቶች ይዙር፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ወደ ቤት ይግባ። ጅራፍ የሚያጮኸው ከሌሎቹ ርቆ በሜዳ ላይ ይሁን። ርችት ዓይን ላይ ጉዳት ካደረሰ አትሹት፣ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት። ትንንሾቹን በተመለከተ፣ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሳንቲም፣ ኦቾሎኒና ድፍን ከረሜላ አትስጡ፤ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል።

ልልቀቅ ወይስ ልከልክል ለሚለው እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ልቀቁ፣ ግን አብራችሁ ሁኑ። በአንድ ሰፈር ያሉ ሦስት አራት እናቶች ተመካክረው ተራ ቢገቡ፣ አንድ አያት በትሩን ይዞ ከኋላ ቢከተል ይበቃል። ለአያቶችም ደህና የእግር ጉዞ ነው። የትኞቹ ቤቶች እንደሚከፍቱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ግጥሙን ሙሉውን ይማሩ፤ ሳይመርቁ እንዳይሄዱ አስተምሯቸው። የተገኘው ብር እንዴት እንደሚከፋፈል ከመውጣታቸው በፊት ይስማሙ፤ ጠብ የሚነሳው እሱ ላይ ነው። ከድርሻቸው ጥቂቱን ደብተር ለሌለው የክፍል ጓደኛቸው ቢያደርጉት በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ትርጉሙ ይገባቸዋል።

በር የምትከፍቱት ደግሞ ከቻላችሁ ዳቦ ስጡ። ሙልሙል ባይሆን ድፎውን ቁረሱት፤ ቆጮም ቢሆን ያምራል። ብር ብቻ ካላችሁ ለሁሉም እኩል ስጡ፤ የሀብታሙን ልጅ አሥር፣ የሊስትሮውን ልጅ አንድ ብር አታድርጉት። የልጁን ስም ጠይቁት፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁት። ያሆዴና መሳላ ሲደርሱ ደግሞ በቡሄ በራችሁን ያንኳኳውን የጎረቤት ልጅ፣ ከየትም ብሔር ከየትም ሃይማኖት ይሁን፣ አታካናው ሲቀርብ ጥሩት። ልጅ የበላበትን ቤት ድንጋይ አይወረውርበትም።

መልካም ቡሄ፣ መልካም የዘመን መለወጫ። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።